ከየት መጣ? ለማንስ ይጠየቃል? የአካባቢ ሕግ አስከባሪ የሥራ ታሪክ ከሐዋሳ መናኸሪያ ሲታይ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ አርትዖት ተደርጎበታል።)



የዛሬው ርእሴ የአካባቢ ፖሊስ ነው። የአገራችን የታሪክ ጽሑፍ ስለ ጦር ሠራዊት ብዙ ብሏል፤ ስለ ዐድዋ፣ ስለ ማይጨው፣ ስለ ኮሪያ ዘማቾች የተጻፈው ቀላል አይደለም። ስለ ፖሊስ የተጻፈው ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። ነገሩ ሊያስደንቀን ይገባል። አብዛኛው ሰው በዕድሜው ዘመን መንግሥትን ፊት ለፊት የሚያገኘው ሚኒስትር ወይም ጄኔራል ዘንድ ቀርቦ አይደለም። የሚያገኘው ንብረቱ ሲሰረቅ፣ ከጎረቤቱ ሲጣላ፣ ልጁ ማታ ሳይመለስ ሲቀር ጣቢያ ሄዶ፣ ጠረጴዛው ኋላ በተቀመጠው ሳጅን በኩል ነው። ያ ሳጅን እንዴት እንደተቀበለው መንግሥት ለእርሱ ምን እንደሆነ ይነግረዋል።

ስለዚህ ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ የአካባቢ ሕግ ማስከበር በአገራችን ተሻሻለ ስንል ምን ማለታችን ነው? አዲስ የደንብ ልብስ፣ አዲስ ተሽከርካሪ፣ አዲስ መዋቅር መሻሻል ነው ወይ? የእኔ መልስ ከእነዚህ የተለየ ነው። የመሻሻል ዋናው መለኪያ ሕግ አስከባሪው የሚጠየቅላቸው ሰዎች ክልል መስፋቱ ወይም መጥበቡ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ለዚህም ማስረጃ የማደርገው የሕግ አስከባሪዎችን የሥራ ታሪክ ነው።

የሥራ ታሪክ እንደ ታሪክ ምንጭ

የአንድን ሹም የሥራ ታሪክ በምናነብበት ጊዜ አራት ጥያቄዎችን እንድንጠይቅ እመክራለሁ። ከየት መጣ? በምን ሠለጠነ? ሹመቱን ማን ሰጠው? ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል? እነዚህ አራቱ መልስ ካገኙ ስለ ሹሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ሥርዓቱም እናውቃለን።

ለማነጻጸር ያህል የአሜሪካውን ሸሪፍ እንመልከት። የማዕረጉ ሥር እንግሊዝ አገር ነው፤ «ሺር ሪቭ» ይባል የነበረ፣ በአውራጃ ውስጥ የንጉሡን ጥቅም የሚያስጠብቅ ሹም ነበር። ማዕረጉ ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ሲገባ በአብዛኞቹ ክፍላተ ግዛት የአካባቢው ሕዝብ የሚመርጠው ሥልጣን ሆነ። በአመዛኙ ሸሪፍ ለመሆን የሚወዳደር ሰው በዚያው ካውንቲ በምክትልነት፣ በእስር ቤት ጠባቂነት፣ በቅኝትና በምርመራ ለዓመታት የሠራ ነው። ለምርጫ ሲቀርብ የሥራ ታሪኩን ለጎረቤቶቹ ያነብባል፤ ምን እንዳሻሻለም ይናገራል።

ነገር ግን ምርጫ ብቻውን ፍትሕ እንደማያመጣ ያው አገር ምስክር ነው። በአላባማ የዳላስ ካውንቲ ሸሪፍ የነበረው ጂም ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1965 በሴልማ ከተማ የመምረጥ መብታቸውን በጠየቁ ጥቁር አሜሪካውያን ላይ በፈጸመው ጭካኔ ይታወሳል። ክላርክ ለመራጩ ይጠየቅ ነበር። ችግሩ ከካውንቲው ሕዝብ እጅግ ብዙው በመራጮች መዝገብ አለመኖሩ ነው። የመምረጥ መብት ሕጉ ወጥቶ መዝገቡ ሲሰፋ በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1966፣ ክላርክ በምርጫ ተሸነፈ። በአንድ ዓመት ውስጥ የክላርክ ጠባይ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሊጠይቁት የሚችሉት ሰዎች ቁጥር ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ መናኸሪያ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ሕግ ያልተማረ

በአገራችን የቆየው ሥርዓት የጭቃ ሹም፣ የአጥቢያ ሽማግሌና የነጭ ለባሽ ሥርዓት ነው። ጭቃ ሹሙ የመሬቱን ድንበር፣ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ፣ የጠቡን መነሻ ያውቃል። የተለየ ሥልጠና የለውም፤ ዕውቀቱ ኑሮው ነው። ወንጀል ሲፈጸምና ፈጻሚው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው ሁሉ በአፈርሳታ ወይም በአውጫጭኝ ይሰበሰባል። ሥራውን ጥሎ ይውላል፣ ይምላል፣ ይጠየቃል፤ ስሙ ሳይጠራ የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባላል። ወንጀለኛው ካልተገኘ ካሳው በአካባቢው ሰው ላይ ይወድቃል።

ይህ ሥርዓት ጥበብ የለውም ማለት ስሕተት ነው። ኅብረተሰቡ ለሰላሙ በጋራ ኃላፊ ነው የሚለው ሐሳብ ከእርሱ የተወረሰ ነው። ሆኖም ግለሰብ በሥርዓቱ ውስጥ መሸሸጊያ አልነበረውም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ሌባ ሻይ ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መጠጥ ይሰጠውና እየተመራ ይለቀቃል፤ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። በዚያ ቤት ለሚኖር ሰው ማስረጃም መከራከሪያም አልነበረውም። የታሪክ ጸሐፍት ሌባ ሻይንና ከሳሽና ተከሳሽን አንድ ላይ የሚያስረውን ቁራኛ ለማስቀረት ለተደረገው ጥረት ልጅ ኢያሱን ያመሰግናሉ። በልጅ ኢያሱ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ «ትረንቡሌ» የተባለ የከተማ ጠባቂ ኃይልም ቆሞ ነበር። ስሙ የመጣው ከትሪፖሊ ነው፤ ከአባላቱ መካከል በጣልያን ጦር ተቀጥረው ሊቢያ የዘመቱ ሰዎች ነበሩበትና። አስተውሉ፤ ለከተማው ጠባቂ ዋና መመዘኛ የሆነው ሰፈርን ማወቅ ቀርቶ በመደበኛ ጦር ውስጥ ማለፍ ሆነ። የሁለት ዓይነት የሥራ ታሪኮች መለያየት እዚህ ይጀምራል።

የሠለጠነ፣ ከሰፈሩ ያልበቀለ

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 6 የኢትዮጵያ ፖሊስ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ተቋቋመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የእንግሊዝ መኮንኖች በማደራጀቱ ተሳትፈዋል። በ1930ዎቹ መጨረሻ አባዲና ፖሊስ ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው የሰንዳፋው ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ የእርሱ ወራሽ ነው። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጣ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ ቃል ለመቀበል በማስፈራራትም ሆነ በመደለል መጠቀም እንዳይቻል ደነገገ። ከሌባ ሻይ ወደዚህ መድረስ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የተደረገ ታላቅ ጉዞ ነው፤ ልናቃልለው አይገባም።

ይሁን እንጂ አዲሱ ፖሊስ ሁለት ጌቶች ነበሩት። በሙያው ለኮሚሽነሩ፣ በዕለት ትእዛዝ ለጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ይታዘዛል። በአራቱ ጥያቄዎች ስንመዝነው ከሌላ አገር ይመጣል፣ አዲስ አበባ ይሠለጥናል፣ ሹመቱ ከላይ ይሰጠዋል፣ ሲያጠፋም የሚጠይቀው የበላዩ ነው። የሰፈሩ ሰው በአራቱም መልሶች ውስጥ የለም። ገጠሩ በአብዛኛው በነጭ ለባሽና በአጥቢያ ዳኛ እጅ ቀረ፤ ከተማው በደንብ ለባሹ እጅ ሆነ።

ይህ የሥራ ታሪክ ወዴት ያደርስ እንደነበር ለማየት ሦስት ስመ ጥር ሹማምንትን እንይ። ብርጋዴየር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ የፖሊስ ኮሚሽነር ሳሉ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተሳትፈው በዚያው ሕይወታቸው አለፈ። ብርጋዴየር ጄኔራል ታደሰ ብሩ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ አዛዥ ነበሩ፤ ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ መጥተው ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት በዚያ ክፍል ነው። ጄኔራሉ በሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ተሳትፏቸው ምክንያት በ1959 ዓ.ም. ታሰሩ፤ ሞት ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው፤ በመጨረሻም በመጋቢት 1967 ዓ.ም. ደርግ ገደላቸው። ሌተናንት ጄኔራል ይልማ ሽበሺ ፖሊስን በበላይነት የመሩ ሰው ነበሩ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ባለ ሥልጣናት አንዱ ሆኑ።

የሦስቱን ሰዎች ጠባይና ዓላማ መዳኘት የዛሬ ሥራዬ አይደለም። የማነሣው የጋራ ነጥብ አንድ ነው፤ የሦስቱም የሥራ ሕይወት የተወሰነው በቤተ መንግሥት ዙሪያ በነበረው ትግል ነው። ስርቆትን ስለ መቀነሳቸው፣ ምርመራን ስለ ማሻሻላቸው፣ አቤቱታን ስለ መስማታቸው የተሾመም የተሻረም የለም። የፖሊስ ሹም ዕጣ ከሰፈር ርቆ በዙፋን አጠገብ ሲወሰን፣ በሥሩ ያለው ሳጅንም ዓይኑን ወደ ላይ ማድረግ ይማራል።

የሰፈር ሰው ጠመንጃ ሲይዝ

አብዮቱ ሲመጣ ሚዛኑ ወደ ሌላው ጫፍ ዞረ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ቀበሌዎች ተቋቋሙ፤ ቀጥሎም የፍርድ ሸንጎና የአብዮት ጥበቃ ተሰጣቸው። አሁን ሕግ አስከባሪው የዚያው ሰፈር ልጅ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚውል፣ ማታ የማን መብራት እንደሚበራ ያውቃል። በቀይ ሽብር ዘመን ይህ ዕውቀት ምን እንዳደረገ ከእናንተ ወላጆች ብዙዎቹ ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ጎረቤት ጎረቤቱን ጠቆመ፤ እናቶች የልጆቻቸውን አስከሬን ከመንገድ አነሱ።

ትምህርቱ መራራ ነው። ሰፈርን ማወቅ ያለ ሕግ ሲሆን ከባዕድነት የባሰ አደጋ ይሆናል። የጭቃ ሹሙ ዕውቀት ቢያንስ በሽማግሌና በእምነት ይገራ ነበር፤ የአብዮት ጥበቃው ግን የሚጠየቀው ለአብዮቱ ብቻ ነበር። ዛሬ «ፖሊስ ከማኅበረሰቡ ይውጣ» ስንል ይህን ታሪክ እያስታወስን መሆን አለበት።

ሁለቱን ለማጋባት የተደረገ ሙከራ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁና እንዲመሩ ሥልጣን ሰጠ፤ በአንቀጽ 19 የተያዙ ሰዎችን መብት ዘረዘረ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ፣ በአማርኛው ማኅበረሰብ አቀፍ የፖሊስ አገልግሎት፣ በየክልሉ ተስፋፋ። በአማራ ክልል በስፋት የተጠናው አሠራር ለየቀበሌው ቋሚ መኮንን ይመድባል፤ የነዋሪዎች አማካሪ ምክር ቤትና ግጭት ፈቺ ኮሚቴ አለው፤ ከእያንዳንዱ ቤተሰብም ኃላፊነት የሚወስድ «የቤተሰብ ፖሊስ» ይሰየማል።

ሐሳቡ የጭቃ ሹሙን ዕውቀትና የአባዲናን ሥልጠና በአንድ ሰው ለማገናኘት ነው። የቀበሌው መኮንን በሕግ የሠለጠነ ነው፤ በዚያው ሰፈር እየዋለም ሰዉን ያውቃል። ጥናቶቹ አነስተኛ ጠቦች ሳይጎለብቱ መፈታታቸውንና ሰው ወደ ፖሊስ መቅረቡን ይመሰክራሉ። በዚያው አንጻር አንድ ሥጋት ይነሣል። እያንዳንዱን ቤተሰብ የሚደርስ መዋቅር ሰላምን ለመጠበቅ እንደሚያገለግል ሁሉ ተቃዋሚን ለመከታተልም ሊያገለግል ይችላል። መዋቅሩ ስለ ራሱ አይመሰክርም፤ አራተኛው ጥያቄ ነው የሚለየው። ሲያጠፋ ማን ይጠይቀዋል?

ወደ መናኸሪያ

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት። ከጅምሯ የሲዳማ ገበሬዎች መሬት ላይ ጡረተኛ ወታደሮችና ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች የሰፈሩባት ናት፤ በኋላ የጠቅላይ ግዛቱን መዲናነት ከይርጋለም ተረከበች። ስለዚህ «የሰፈሩ ሰው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በሐዋሳ ከምሥረታዋ ጋር የተወለደ ነው።

ጥያቄው ደም ያፈሰሰባቸውን ቀኖች ሳልጠራ ማለፍ አልችልም። ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የሐዋሳን የአስተዳደር ሁኔታ በመቃወም ሎቄ ላይ ሰልፍ የወጡ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተገደሉ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በነዋሪዎች መካከል በተነሣ ግጭት የሰው ሕይወት ጠፋ። ከሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. በኋላ እንደገና ሰው ሞተ፤ ክልሉም በኮማንድ ፖስት ሥር ገባ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ በ2012 ዓ.ም. መጨረሻም የሲዳማ ክልል ተመሠረተ። በመጀመሪያው ጊዜ ሕግ አስከባሪው በሰልፈኛው ላይ ተኮሰ፤ በኋላኞቹ ጊዜያት ደግሞ ነዋሪው «የሚጠብቀኝ የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ከመጠን ያለፈ ኃይልና የጠባቂ መጥፋት ተቃራኒ ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው። በሁለቱም ጊዜ አንድ ወገን ሕግ አስከባሪው ከሚጠየቅላቸው ሰዎች ክልል ውጭ ቀርቷል።

ከሐዋሳ ክፍለ ከተሞች መካከል መናኸሪያ ስሙን ያገኘው ከአውቶቡስ ጣቢያው ነው። ይህን ሰፈር የመረጥሁት የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ሐሳብ ከባዱን ፈተና የሚያገኘው እንዲህ ባለ ቦታ ስለሆነ ነው። የቤተሰብ ፖሊስ ቤተሰብን ይጠይቃል፤ አማካሪ ምክር ቤት ነዋሪን ይጠይቃል። አውቶቡስ ጣቢያ ዙሪያ የሚውለው ሰው ግን በአመዛኙ የዚያ ነዋሪ አይደለም። ከዲላ መጥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው ነጋዴ፣ ከገጠር ወረዳ ወርዳ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ የምትፈልግ ወጣት፣ ቤቱ ሌላ ክፍለ ከተማ የሆነው የባጃጅ ሹፌር፣ ሻንጣ ተሸካሚው፣ ቆሎ ሻጯ፣ በረንዳ አዳሪው ልጅ በማንም የቤተሰብ መዝገብ የሉም። ሻንጣው የጠፋበት መንገደኛ መኪናው ሊነሣ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ለማን ያመለክታል? ቢያመለክትስ ማግስቱን ለቀጠሮ ማን ይመጣል? ልጅቱ የመጀመሪያውን ምሽት በማታውቀው ከተማ ብትጠቃ በየትኛው ምክር ቤት ድምፅ አላት?

እዚህ ላይ ነው የሴልማ ታሪክ የሚያስፈልገን። መዝገቡ ውስጥ የሌለ ሰው ጥበቃውም የላላ ይሆናል፤ ይህ የፖሊሱን ክፉነት አያሳይም፤ የሥርዓቱን ቅርጽ ነው የሚያሳየው። በተግባር መናኸሪያውን የሚያውቁት ተራ አስከባሪዎች፣ ረዳቶች፣ ጫኝና አውራጆች ናቸው። ኪስ አውላቂውን በፊቱ ይለያሉ፤ የጠፋ ልጅ ሲያዩ ያውቃሉ። እነርሱን ማደራጀት ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ዕውቀታቸው በሕግና በተጠያቂነት ካልተገራ የአብዮት ጥበቃው ታሪክ በትንሹ ይደገማል፤ ጠባቂው ራሱ አስገባሪ ይሆናል።

ሲዳማ በዚህ ረገድ የራሱ ሀብት አለው። በአፊኒ ሥርዓት ሽማግሌዎች ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት ነገሩ በሁሉም ጆሮ መድረሱን ያረጋግጣሉ፤ ቃሉ ራሱ «ሰማችሁ ወይ?» እንደ ማለት ነው። ያልተሰማ ሰው ካለ ነገሩ አላለቀም። የመናኸሪያው ጥያቄ ይህን መርህ በዚያ ለማይኖረው ሰውም ማዳረስ ነው።

መሻሻልን በምን እንለካ?

ከዚህ ታሪክ ሦስት መለኪያዎችን አወጣለሁ። አንደኛ፣ የአካባቢው አዛዥ በአንድ ቦታ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ሰዉን ሳያውቅ የሚዛወር አዛዥ ዓይኑ ከላይ አይነሣም፤ ያለ ገደብ የሚቆይም የሰፈሩ ባለ ጉልበቶች ወዳጅ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ዕድገቱ የሚለካበት ነገር ነው። በያዛቸው ሰዎች ብዛት የሚመዘን መኮንን ሰው ይይዛል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ባቀረባቸውና ምላሽ ባገኙ አቤቱታዎች የሚመዘን መኮንን ሕግ ያስከብራል። ሦስተኛና ዋናው፣ መዝገብ ውስጥ የሌለው ሰው አቤት የሚልበት በር ነው። የመንገደኛ አቤቱታ እዚያው ጣቢያው ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ተመዝግቦ፣ ውጤቱ ባለበት ከተማ በስልክ ቢነገረው፣ ይህ ከማንኛውም አዲስ ተሽከርካሪ ይልቅ መሻሻል ይባላል።

ለታሪክ ተማሪዎች የምለው ደግሞ ይህ ነው። የፖሊስ ታሪክ ምንጮች በአዋጆች ብቻ አይገኙም። በየጣቢያው የዕለት ክንውን የሚጻፍባቸው አሮጌ መዝገቦች፣ የአጥቢያ ዳኞች ውሳኔዎች፣ የቀበሌ ቃለ ጉባኤዎች አሉ። ከሁሉም በላይ በየሰፈሩ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መኮንኖች አሉ፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ተቀጥረው በደርግ ዘመን አገልግለው ሦስተኛውን ሥርዓት ያዩ ሰዎች ናቸው። ቃላቸውን አራቱን ጥያቄዎች ይዛችሁ ተቀበሉ፤ አቤት ብለው ምላሽ ያላገኙትን ሰዎች ቃልም ከጎኑ አስቀምጡ። አንዱ ያለ ሌላው ግማሽ ታሪክ ነው።

ጭቃ ሹሙ ሰፈሩን ያውቅ ነበር፤ ሕግ አልነበረውም። የአባዲናው መኮንን ሕግ ነበረው፤ ሰፈሩን አያውቅም። የአብዮት ጥበቃው ሰፈሩን አውቆ ሕግን ረሳ። የዛሬው ሕግ አስከባሪ ሁለቱንም እንዲይዝ እየጠየቅነው ነው። እኔ ደግሞ ሦስተኛውን እጨምራለሁ፤ ለማያውቀውና ነገ ለማያገኘው ሰውም የሚጠየቅ እንዲሆን። ይህን ባሟላን ቀን የአካባቢ ሕግ ማስከበር ተሻሻለ ለማለት ድፍረት ይኖረናል።